የ2004ቱ ስፓይደርማን 2፦ ትዝታህ አልዋሸህም

ጥያቄ፦ «ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ያለ ፕሌይስቴሽን ቤት ስፓይደርማን 2 እጫወት ነበር። ሚሽኑን ትቼ ከፎቅ ፎቅ ስወነጨፍ ብቻ የከፈልኩበት ሰዓት ያልቅ ነበር። በቅርቡ የኮምፒውተሩን አግኝቼ ስከፍተው ግን ጭራሽ የማላውቀው ጌም ሆነብኝ። ድሩ የፈለግኩት ቦታ አይያዝም። ትዝታዬ ነው ያታለለኝ? አዲሶቹን የስፓይደርማን ጌሞችም ተጫውቻለሁ፣ በጣም ያምራሉ፤ የያኔው ስሜት ግን አይመጣልኝም። ለምን ይሆን? የድሮውን ለልጄ ላሳየው ፈልጌ ነው።»

ምላሽ፦

ትዝታህ ልክ ነው። ያገኘኸው ጌም ነው ሌላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2004 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ሁለተኛው የሳም ሬይሚ የስፓይደርማን ፊልም ሲወጣ አክቲቪዥን በዚያው ሰሞን ጌሙንም ለገበያ አቀረበ። ስሙ ሁሉም ላይ ስፓይደርማን 2 ነው፤ ውስጡ ግን አንድ አይደለም። የፕሌይስቴሽን 2፣ የኤክስቦክስና የጌምኪዩቡን የሠራው ትሬያርክ ነው፣ በኋላ ኮል ኦፍ ዱቲ ብላክ ኦፕስን የሠራው ያው ትሬያርክ። የኮምፒውተሩን የሠራው ግን ፊዝ ፋክተር የሚባል ሌላ ድርጅት ነው። ለትንንሽ ልጆች ተብሎ የቀለለ፣ በማውስ እየጠቆሙ የሚጫወቱት ጌም ነው። ድሩም ጌሙ ራሱ ምልክት ካደረገበት ቦታ በቀር የትም አይያዝም። አንተ ያጋጠመህ ይኸው ነው። ፋይሉ አልተበላሸም፣ ሲሠራም እንደዚያው ነበር። ያኔም የኮንሶሉን ዝና ሰምተው የኮምፒውተሩን የገዙ ልጆች ክው ብለው ቀርተዋል።

አሁን ወደ ዋናው እንሂድ። እኔ የጌም ፕሮግራመር ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው ገጸ ባሕርይው እንዴት እንደሚሮጥ፣ እንደሚዘልና እንደሚወድቅ የሚወስነውን ክፍል ነው። በዚህ ሙያ ካሉ ሰዎች ጋር ስለ እንቅስቃሴ ወሬ ከጀመርክ ይህ ጌም ሳይነሳ አይቀርም። ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ግራፊክሱ አርጅቷል፣ የሰዎቹ ፊት እንደ ካርቶን ነው። መወንጨፉ ግን ዛሬም ይጠናል።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከእሱ በፊት የነበረውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በ2000 ኔቨርሶፍት የሠራው ስፓይደርማን ላይ ጎዳናው በሙሉ በጭጋግ ተሸፍኗል። ወደ ታች ከወረድክ ሞትክ ማለት ነው። ድሩ ደግሞ የሚሰካው ሰማይ ላይ ነው። ከላይህ ምንም ሳይኖር ክሩ ከስክሪኑ ወጥቶ ይጠፋል፣ አንተም ትሄዳለህ። በ2002 የወጣው የትሬያርክ ጌምም በድሩ ነገር ከዚህ ብዙ አልራቀም። ጥሩ ጌሞች ነበሩ፣ እወዳቸዋለሁ። ግን እንቅስቃሴው ቀድሞ የተዘጋጀ ነበር። አንተ ቁልፉን ትጫናለህ፣ ጌሙ ያዘጋጀውን ያሳይሃል።

በ2004ቱ ላይ ሁለት ነገር አንድ ላይ ተቀየረ። አንደኛ፣ ማንሃተን ተከፈተች፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄድ ትችላለህ፣ መሬት ወርደህ ከሰው መሀል መራመድም ትችላለህ። ሁለተኛ፣ ድሩ የሚሰካበት ፎቅ ከሌለ አይሰካም። ይህን ሥርዓት በመፍጠር ስሙ የሚነሳው ጄሚ ፍሪስትሮም ነው፣ ያኔ ትሬያርክ ይሠራ የነበረ። ሰውዬው ከዚያ ከወጣ በኋላ ኢነርጂ ሁክ የሚባል የራሱን ጌም ሠርቷል፣ እሱም ስለ መወንጨፍ ነው። ነገሩ ከልቡ አልወጣም ማለት ነው።

አሠራሩን በቀላሉ ላስረዳህ። ቁልፉን ስትጫን እንዲህ ያለ ጌም ከስፓይደርማን አካባቢ ወደ ላይ፣ ወደ ፊትና ወደ ጎን የማይታዩ መስመሮችን ይልክና ፎቅ የነካውን ይፈልጋል። ከተገኙት ውስጥ ለምትሄድበት አቅጣጫ የሚበጀውን ይመርጣል። ድሩ ተሰካ። ከዚህ በኋላ ያለው ስሌት በጣም ቀላል ነው። በየፍሬሙ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ በሚሳለው በእያንዳንዱ ምስል፣ ስበት ወደ ታች ይጎትትሃል። ከተሰካበት ነጥብ ያለህ ርቀት ከድሩ ርዝመት እንዳይበልጥ ይደረጋል። ድሩን ሊለጥጥ የሚሞክረው የፍጥነትህ ክፍል ይሰረዛል፣ በዙሩ ላይ የሚወስድህ ክፍል ግን አይነካም። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ዥዋዥዌ ነው።

ዥዋዥዌ ላይ የተጫወተ ልጅ ደግሞ ቀሪውን በሰውነቱ ያውቀዋል። ታች ስትደርስ ፍጥነትህ ጣራ ይነካል። ላይ ስትደርስ ለቅጽበት ቀጥ ትላለህ። እንግዲህ ጨዋታው በሙሉ ያለው መቼ ነው የምትለቀው የሚለው ላይ ነው። ታች ላይ ብትለቅ ፍጥነትህን ይዘህ ወደ ፊት ትተኮሳለህ፣ ከፍታ ግን የለህም፣ ወዲያው አስፋልቱ ይቀበልሃል። እስከ ላይ ብትጠብቅ ከፍ ትላለህ፣ ፍጥነቱ ግን አልቋል። እየወጣህ ሳለ፣ መሀል ላይ፣ ወደ 45 ዲግሪ ገደማ ስትለቅ ከሁለቱም ታተርፋለህ። ይህን ማንም በቃል አላስተማረህም። ጣቶችህ ናቸው የተማሩት፣ እዚያ ፕሌይስቴሽን ቤት ሰዓትህ እየሄደ።

ቁጥር ከፈለግህ፣ ከ20 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከስድስተኛ ፎቅ አካባቢ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ታች ሲደርስ በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጌሙ የራሱ ስበት ስላለው ቁጥሩ አንድ ላይሆን ይችላል፣ ሕጉ ግን ያው ነው። ከፍታ ወደ ፍጥነት ይመነዘራል፣ ፍጥነትም ወደ ከፍታ። ለዚህ ነው ኢምፓየር ስቴት ጫፍ ላይ ወጥተህ ራስህን ስትጥል፣ ነፋሱ ሲያፏጭ፣ መኪኖቹ ከነጥብነት ወደ መኪናነት ሲያድጉ፣ አንተ ግን ቁልፉን ሳትነካ ትንሽ፣ ትንሽ፣ አሁንም ትንሽ ስትጠብቅና በመጨረሻ ስትወረውር፣ ያ ሁሉ ውድቀት በአንዴ ተገልብጦ በጎዳናው ላይ ወደ ፊት የሚያስፈነጥርህ። ልጅ ሆነህ ያን ጊዜ ትንፋሽህን የያዝከው ጌሙ ስላስፈራራህ ብቻ አይደለም። ውሳኔው የአንተ ስለነበረ ነው።

በዚህ ላይ ተጨማሪ ነገሮች ነበሩ። የዝላይ ቁልፉን ይዘህ ቆይተህ ስትለቀው ዝላዩ ይረዝማል፣ ይህን ድር ላይ ተንጠልጥለህም ማድረግ ትችላለህ። የፍጥነት ቁልፉን ታች ላይ ስትደርስ ከነካኸው ዙሩ ይገፋል። እነዚህን በየተራ መደራረብ የለመደ ልጅና ያልለመደ ልጅ አንድ ከተማ ውስጥ አይደሉም ያሉት። አንዱ ከጣሪያ ጣሪያ እየተንገዳገደ ነው፣ ሌላው ይበርራል።

ከተማዋም ትቆጠራለች፣ ይህን ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። መሀል ማንሃተን ላይ ፎቆቹ ረጃጅም ስለሆኑ ድርህም ይረዝማል፣ ዙሩ ሰፊና ዘና ያለ ነው። ወደ ደቡብ ወርደህ አጫጭር ፎቆች ወዳሉበት ሰፈር ስትገባ ድሩ ያጥራል፣ ዙሩ ይጠብባል፣ እጅህ መፍጠን አለበት። ሴንትራል ፓርክ ጋ ስትደርስ ደግሞ ፎቅ የሚባል የለም፤ እንደ መሀል ከተማው መብረር አይቻልም፣ መሮጥና መዝለል ነው። ሰፈሩን በዓይን ሳይሆን በእጅ ትለየዋለህ። ድሩ ሰማይ ላይ ቢሰካ ኖሮ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ይሆን ነበር።

አዎ፣ ያበሳጫል ደግሞ። አንዳንዴ ድሩ ያላሰብከው ጥግ ላይ ይሰካና ግድግዳ ጋር ያላትምሃል። ካሜራው ይጠፋበታል። በፍጥነት እየሄድክ ጠባብ መንገድ ውስጥ መታጠፍ ራስ ምታት ነው። አዲሶቹ ጌሞች ይህን በሙሉ አስተካክለውታል። እኔ የምለው ግን ይህ ነው፦ መሳሳት የሚቻልበት ስለነበረ ነው ሲሳካ ደስታው የራስህ የሆነው።

ስለ ማሽኑም አንድ ነገር ልበል፣ ሥራዬ ስለሆነ ማለፍ አልችልም። ፕሌይስቴሽን 2 ዋናው ሜሞሪው 32 ሜጋባይት ነው። ዛሬ በስልክህ የምታነሳቸው ስምንትና አሥር ፎቶዎች ይሞሉታል። ለምስሉ ለብቻው ያለው ደግሞ 4 ሜጋባይት ብቻ ነው። ከተማው እዚያ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ አንተ ስትንቀሳቀስ ከፊትህ ያለው ሰፈር ከዲስኩ እየተነበበ ይገባል፣ ከኋላህ ያለው ይወጣል። የሩቁ ፎቅ ዝርዝሩ ተቀንሶ ይሳላል፣ ስትጠጋው ይለወጣል። ተመሳሳይ ዘዴ በ2001 ግራንድ ቴፍት ኦቶ 3 ላይ ተሠርቶበታል፤ እዚያ ግን መኪና ነው፣ መንገዱን ይከተላል። ስፓይደርማን በጣሪያዎቹ ላይ አቋርጦ በፈለገው አቅጣጫ ይመጣል፣ ከላይ ሆኖም ብዙ ርቀት ያያል። ይህን የዲስክ ማንበቢያው በሚችለው ፍጥነት ሳይቆም ማስኬድ ትልቅ ሥራ ነው። ሰማዩ ላይ የነበረችውን ያችን ዳመና መሰል ብዥታ ካስታወስካት፣ እንዲህ ያለች ብዥታ በዚያ ዘመን ጌሞች ውስጥ የሩቁን ነገር በመሸፈን ለማሽኑ ጊዜ ትገዛለታለች።

ከመወንጨፉ ውጭ ስላለው እውነቱን ልንገርህ፣ ለልጅህ ልታሳየው ስለሆነ ብታውቀው ይሻላል። ሚሽኖቹ ይደጋገማሉ። ወደ ሚቀጥለው ምዕራፍ ለመሄድ የጀግና ነጥብ ማጠራቀም አለብህ፣ ነጥቡ የሚገኘው ደግሞ መንገድ ላይ ሰው በመርዳት ነው። ዘረፋ፣ የተሰረቀ መኪና፣ ፎቅ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ሰው፣ የምትሰምጥ ጀልባ፣ ፊኛው ያመለጠው ልጅ። ከዚያ እንደገና ዘረፋ፣ የተሰረቀ መኪና። ድምፆቹ ጭምር ይደጋገማሉ። የፊልሙ ተዋናዮች ቶቢ ማጓየር፣ ኪርስተን ደንስትና አልፍሬድ ሞሊና ድምፃቸውን ሰጥተዋል፤ የቶቢን የሰለቸ አነጋገር የሚወዱም የማይወዱም አሉ፣ እኔ እወደዋለሁ። ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን ተራኪው ብሩስ ካምቤል ነው። ከተማው ውስጥ ተበታትነው ያሉ የመረጃ ምልክቶችን ስትነካ እየቀለደብህ ያስተምርሃል።

ፒዛውን ረስተኸው ከሆነ ልጅህ ያስታውስሃል። ፒተር ፓርከር ገንዘብ ስለሌለው ፒዛ ያደርሳል። ሰዓት እየቆጠረብህ፣ ጀርባህ ላይ ፒዛ ይዘህ፣ የጣልያን የድሮ ዘፈን ከኋላ እየተጫወተ፣ ሌላ ጊዜ የምታደርገውን መገለባበጥ ሁሉ ትተህ ለስለስ ብለህ መሄድ አለብህ። ብዙ ሰው ዘፈኑን ሲሰማ ይስቃል። እኔ ግን እንደ ሙያተኛ የማየው ሌላ ነገር አለ። ያው ከተማ፣ ያው ድር ነው፤ ግን አንድ ትንሽ ሕግ ስለተጨመረ እጅህ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይማራል። በርካሽ የተሠራ ሚሽን ሊመስል ይችላል፣ ሐሳቡ ግን ብልህ ነው።

ሚስቴሪዮ የሚባለውን ምትሃተኛ ጠላትም ሳላነሳ አላልፍም። ጌሙ ውስጥ ደጋግሞ ያስቸግርሃል፣ የነጻነት ሐውልትን ሳይቀር በምትሃቱ ሲያቃውስ ታያለህ። በመጨረሻ ተራ ሱቅ ውስጥ ትይዘዋለህ። የሱ የጉልበት መስመር፣ ሲያልቅ የሚሸነፍበት፣ መሙላት ይጀምራል። ሞላ። እንደገና ሞላ። ሦስተኛም ሞላ። እጅህ ያልበዋል፣ ይሄ ሰውዬ ሊገድለኝ ነው ትላለህ። አንድ ጊዜ ትመታዋለህ። ይወድቃል። አለቀ። ያን ጊዜ ትልልቅ ጌሞች እንዲህ በራሳቸው የጨዋታ ሕግ ሲቀልዱ ብዙም አይታይም ነበር።

አዲሶቹን በተመለከተ፣ ያልተመቸህ አንተ ስላረጀህ አይደለም። በ2012 በኖክስ የሠራው ጌም ድሩን መልሶ ሰማይ ላይ ሰካው፣ ስለዚህ ምንም ቢያምር ባዶ ነገር የያዝክ ይመስልሃል። ኢንሶምኒያክ የሚባለው ድርጅት የሠራቸው ግን ሌላ ናቸው። የ2018ቱም ሆነ የ2023ቱ ድር ፎቅ ላይ ነው የሚሰካው፣ እኔም ሁለቱንም አከብራለሁ። ልዩነቱ በጣም ይቅር ባይ መሆናቸው ነው። ልትወድቅ ስትል ይይዙሃል፣ አቅጣጫህን ያቃኑልሃል፣ ግድግዳ ልትመታ ስትል በግድግዳው ላይ ያስሮጡሃል። ማንም ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ጀግና ይመስላል። ይህ ሥራ ነው፣ ከባድ ሥራ ነው። ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ጎበዝ ከሆንክ የምታድግበት ቦታ ጠባብ ይሆናል።

መፍትሔ አለው። የ2023ቱ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ካለህ ሴቲንግ ውስጥ ግባና የመወንጨፍ አቅጣጫ እገዛውን ፈልግ። ከ0 እስከ 10 የሚሄድ ነው፣ ሲጀመር 10 ላይ ተቀምጧል። ወደ 0 አውርደው። እዚያው ከከፍታ ስትወድቅ ጉዳት እንዲደርስብህ የሚያደርገውንም አብራው። የመጀመሪያው ሰዓት ትናደዳለህ። ከዚያ እጅህ የሚያውቀውን ነገር ማግኘት ይጀምራል። የ2004ቱን አይሆንም፣ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ግን ወደዚያ ይጠጋል።

ዋናውን ማግኘት ከፈለግህ ዲስኩን መፈለግ ነው ያለብህ። በኦንላይን መደብር አይሸጥም፤ አክቲቪዥን ከስፓይደርማን ባለቤት ከማርቭል የነበረው ፈቃድ ሲያበቃ የስፓይደርማን ጌሞቹ ከመደብሮች ወርደዋል፣ ይኼኛውም እንደገና አልታተመም። ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 2 ካለህ ወይም ካገኘህ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከልህ ዲስክ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ በመጣ ማሽን ላይ አይሠራም፣ ማሽኑ የየትኛውንም አገር ዲስክ እንዲያጫውት ካልተስተካከለ በቀር። ክልላቸው ይለያያል። ዲስኩና ማሽኑ ከአንድ ወገን መሆናቸውን ሳታረጋግጥ ገንዘብ አትክፈል። ያልተጠበቀ አማራጭም አለ፦ የመጀመሪያዎቹ ኒንቴንዶ ዊዎች፣ ላያቸው ላይ የጌምኪዩብ ጆይስቲክ መሰኪያ ያላቸው፣ የጌምኪዩቡን ዲስክ ያጫውታሉ።

ዲስኩ ኖሮህ ማሽኑ ከሌለህ የኮምፒውተር ኢሙሌተር፣ ማለትም ኮምፒውተሩን እንደ ድሮው ማሽን የሚያሠራ ፕሮግራም፣ አለ። ለፕሌይስቴሽን 2 ፒሲኤስኤክስ2፣ ለጌምኪዩብ ዶልፊን። የምስሉን ጥራት ከፍ ስታደርገው ፎቆቹ ጥርት ብለው ይታያሉ፣ በኪቦርድ ግን አትሞክረው፣ ጆይስቲክ ሰካ። ከአሮጌው ማሽን ወደ አዲስ ቲቪ ከሰካኸው ደግሞ የቲቪውን የጌም ሞድ አብራ። አዲስ ቲቪ ምስሉን ሲያሳምር ትንሽ ይዘገያል። ሌላ ጌም ላይ ላይታወቅህ ይችላል፤ እዚህ ግን ድሩን የምትለቅበት ቅጽበት ሁሉም ነገር ስለሆነ ጌሙ ተበላሽቶ ይመስልሃል።

ለልጅህ ስታስጀምረው ታሪኩን እንዲጨርስ አታጣድፈው። የመጀመሪያ ነጥቦቹን በሙሉ የመወንጨፍ ፍጥነት ለሚጨምሩት አፕግሬዶች ያውለው፣ ጌሙ መጀመሪያ ላይ ሆን ብሎ ቀርፋፋ ነው፣ ብዙ ልጅ እዚያ ጋ ነው ሰልችቶት የሚተወው። መሀል ከተማ፣ ረጃጅም ፎቆቹ ጋ ያለማምድ። ግድግዳ ሲመታ ጆይስቲኩን አትቀበለው። እና ሚስቴሪዮ ሱቁ ውስጥ ምን እንደሚሆን አስቀድመህ አትንገረው።